ማስመሰልና መሰለኝ፦ አንድ ግሥ፣ አንድ የዝምታ ጨዋታ

«የተኛ አስመሰለ» ስንል አንዱ ሰው ያልሆነውን ሆኖ ታየ ማለታችን ነው። «የተኛ መሰለኝ» ስንል ደግሞ ሌላው ሰው ካየው ተነሥቶ ገመተ። ግሡ ያው «መሰለ» ነው፤ የሚያስመስለውንም የሚገምተውንም አብሮ ይዟል። ፈረንሳዮች «ሻራድ» ብለው የጀመሩት፣ እንግሊዞችም የወሰዱት ቃል ግን መጀመሪያ የጨዋታ ስም ነበር፣ ዛሬ አንዱ ሳይናገር በምልክት የሚያሳየውን ቃል ሌሎቹ የሚገምቱበት ጨዋታ፤ ባዶ ማስመሰልን መጥሪያ የሆነው ኋላ ነው። እኛ ሁለቱንም ከሥሩ ስላገኘናቸው፣ ጨዋታውን በአማርኛ ለመጫወት የሌላ ቋንቋ ደንብ እንዳለ መገልበጥ አያስፈልገንም። ለአማርኛ የሚስማማ ደንብ ማውጣት ይቻላል፤ ሲወጣለትም ጨዋታው የበለጠ ይጥማል። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ቤተሰብና ጓደኛ ሲሰበሰብ የሚሠራውንና የማይሠራውን ከቃሉ ተነሥቼ ላስቀምጥ።

«ማስመሰል» በራሱ ስድብ አይደለም። «ሰዓሊው ቁርጥ አባቱን አስመስሎ ሣለው» ምስጋና ነው። «አስመስሎ የተሠራ ዕቃ» ሲባል ግን ገዢው ወዲያው «ኦርጂናል ነው ኮፒ?» ብሎ ይጠይቃል። «አስመሳይ» ከተባለ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ሰው ላይ ሲለጠፍ ሁልጊዜ ነቀፋ ነው። ጎበዝ ተዋናይን ለማድነቅ «አስመሳይ ነህ» የሚል የለም፣ «አስመስለህ ሠራኸው» ይባላል እንጂ። ስለዚህ በጨዋታው ላይ ተራ የደረሰውን ሰው «አስመሳዩ» ብላችሁ አትጥሩት፤ ታላቅ ሰው ከሆነ በእውነት ይቀየማል። «ባለተራ» በቂ ነው።

ጎረቤት ቃላቱም ቦታ ቦታ አላቸው። «ለይምሰል» የሚደረግ ነገር ይደረጋል፣ ግን ለዓይን ብቻ ነው፤ ለይምሰል የሚጠይቅ ዘመድ በር ላይ ቆሞ ጠይቆ ይሄዳል። «የይስሙላ» ስሙ ብቻ ያለ ነገር ነው፤ የይስሙላ ኮሚቴ፣ የይስሙላ ሊቀመንበር። እንግሊዞች ውጤቱ አስቀድሞ ያለቀ ስብሰባን ወይም ችሎትን «ሻራድ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ እኛ «የይስሙላ» እንላለን፣ በመንገድ አማርኛ ደግሞ «ድራማ ነው» እንላለን። «ሽወዳ» ቀለል ያለ ነው፤ ኳስ ተጫዋች ተከላካዩን ይሸውዳል፣ ማንም አይከሰውም። «ማጭበርበር» ግን ጥቅም አለበት፣ ገንዘብ ወይም ንብረት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። አስመሳይ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ አጭበርባሪ ሁሉ ግን ማስመሰል ሳይችል ሥራው አይሠራለትም።

ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ የሚከተለውን ግሥ ልብ ማለት ይጠቅማል። «ያልሰማ መስሎ አለፈ» እና «እንዳልሰማ ሆኖ አለፈ» ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለተኛው በንግግር ይበዛል። በሁለቱም «ያል» እና «እንዳል» ሥራቸውን ሠርተዋልና «ያልሰማ እንደሆነ መስሎ» ብሎ መደራረብ ትርፍ ነው። ሌላው ጥሩ አጠቃቀም መሐል ላይ የሚገባው «ይመስል» ነው፦ «ቤቱን የገዛው ይመስል ሰው ያዝዛል»። እዚህ ላይ ተናጋሪው እየገመተ አይደለም፤ ቤቱን እንዳልገዛው ያውቃል። ያችኑ ቃል በ«መሰለኝ» ብንለውጣት፣ «ቤቱን የገዛው መሰለኝ»፣ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ አሁን በእውነት ገዝቶት ይሆናል የሚል ግምት ሆነ።

ግምትም ደረጃ አለው። «እሷ ናት መሰለኝ» ከአንደበት ፈጥኖ የሚወጣ፣ ሲስቱ የማያሳፍር ነው። «እሷ ትመስለኛለች» ትንሽ ያሰበ ሰው አነጋገር ነው። «እሷ ሳትሆን አትቀርም» ያለ ሰው ምክንያት አለው። «ግምት» ለዋጋና ለመጠን ይሄዳል፤ «መላ ምት» ደግሞ ፍንጭ ይዞ ለሚፈልግ ሰው። ጨዋታው የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፣ ፈጣኑን «መሰለኝ»። አማርኛ ተናጋሪ እርግጠኛ ካልሆነ ዝም ማለትን ጨዋነት አድርጎ ስለሚያይ፣ አዲስ ቡድን ውስጥ ትልቁ ችግር ገማቾቹ አፋቸውን አለመክፈታቸው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት መሳሳት ነጥብ እንደማያስቀንስ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። አንድ ሰው በ90 ሰከንድ ውስጥ ሠላሳ የተሳሳተ ቃል ቢወረውር ደስ ይበላችሁ፤ ባለተራው ከስህተቶቹ መሐል የቀረበውን በጣቱ ሊጠቁም የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

ሻራድ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሲስፋፋ እንቅስቃሴ አልነበረውም። የቃል እንቆቅልሽ ነበር፦ አንድ ቃል በክፍለ ቃሉ ይቆረጥና «የመጀመሪያዬ እንዲህ ነው፣ ሁለተኛዬ እንዲያ ነው፣ ጠቅላላዬ ይኼ ነው» ተብሎ ይጠየቃል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ቤቶች ያንኑ እንቆቅልሽ ልብስ ቀይሮ በአጫጭር ትዕይንት ማሳየት ተለመደ፤ አንዱ ትዕይንት አንዱን ክፍለ ቃል፣ የመጨረሻው ሙሉውን ቃል ያሳያል። ያኔ መናገር ይፈቀድ ነበር። አፍ ተዘግቶ በምልክት ብቻ የሚሆነው ዛሬ የምናውቀው መልክ ዘግይቶ የመጣ ነው። ድሬዳዋ ለፈረንሳይኛ ባዳ አይደለችም፤ ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. የቆረቆራት ከተማ ናት፣ «ለገሃር» ራሱ «ባቡር ጣቢያው» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። እዚህ ላይ የማተኩረው ግን በቀድሞው መልክ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ለፊደላችን ልክ የተሰፋ ይመስላል።

የላቲን ፊደል ተጠቃሚ ክፍለ ቃሉ የት እንደሚቆረጥ አስቦ ነው የሚያገኘው። አማርኛ ሲጻፍ አንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ይመጣል፤ 33ቱ ዋና ፊደላት በ7 ረድፍ ተዘርግተው 231 የተቆረጡ ፊደላት አስቀድመው ቀርበውልናል። ቃሉን በፊደል መሐል ብትከፍሉት ማንም አይከራከርም። ምሳሌ እነሆ፦

«የመጀመሪያዬ ደረት ውስጥ ይመታል። ሁለተኛዬን ባንክ በብድር ላይ ይጨምራል። ጠቅላላዬን ደራሲ ይጽፈኛል።» ልብ፣ ወለድ፣ ልብ ወለድ። በድሬዳዋና በሐረር «ከወለድ ነፃ» የሚለውን የባንክ ጽሑፍ ያላነበበ ሰው ስለሌለ ሁለተኛው ክፍል በቶሎ ይገኛል፤ የሚያስቸግረው ልብ ነው፣ ሰው ሰዓትና ከበሮ ይላል።

ሌላው ዓይነት አንድ ፊደል ብቻ የሚጨመርበት ነው። «በሬ ነኝ፤ አንድ ፊደል ከፊቴ ብታቆም ባለቤቱ እሆናለሁ።» ገ ተጨመረ፣ ገበሬ። «ልብስ ነኝ፤ አንድ ፊደል ከኋላዬ ብታቆም ሠሪው እሆናለሁ።» ሸማ፣ ሸማኔ። «ከሰማይ የወረድኩ ምግብ ነኝ፤ አንድ ፊደል ከፊቴ ብታቆም እዚያው ሰማይ ላይ እቀራለሁ።» መና፣ ደመና። እነዚህ ሦስቱ ደህና የሆኑበት ምክንያት የትንሹ ቃልና የትልቁ ቃል ነገር መያያዙ ነው፤ በሬና ገበሬ አንድ እርሻ ላይ ናቸው። ባልና ባልዲ ግን አይገናኙም፤ «ባል ነኝ፣ ዲ ብትጨምር ውሃ እቀዳለሁ» ቢባል መልሱ ትክክል ነው፣ ግን ገማቹ ሲነገረው «አሃ» አይልም።

እንዲህ ያለውን ለማዘጋጀት የምትፈልጉትን ቃል ወረቀት ላይ ፊደሉን አራርቃችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ፊደል እየሸፈናችሁ የቀረው ቃል ይሆን እንደሆነ እዩ። ሦስት ወይም አራት ፊደል ያላቸው ቃላት የበለጠ ያፈራሉ። «አፍንጫ» ላይ ሁለቱን የኋላ ፊደላት ስትሸፍኑ አፍ ይቀራል፣ «እጅጌ» ላይ እጅ ይቀራል። «ማርሽ» ደግሞ ሳይቆረጥ ሁለት ነው፦ የመኪናው ማርሽና ለሴት «ያንቺ ማር»። የቅኔ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ኅብር ሲያገኝ ወረቀቱን መልሶ አይሰጣችሁም። እንዲህ ያለው ተቀምጦ የሚጠየቅ ስለሆነ ለበርጫ ሰዓት የሚመቸው እሱ ነው፤ ሰው ትራስ ተደግፎ በተቀመጠበት የዝምታውን ጨዋታ መጀመር ልፋት ነው፣ ማንም መነሣት አይፈልግም።

የዝምታው ጨዋታ ለምሽት ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ ሳይጠልቅ ሰው አስነሥቶ ማዝለል አይሞከርም፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ሲጀምር። የሐረር ቤት ደግሞ ለዚህ የተሠራ ያህል ይመቻል፦ ገማቾቹ ከፍ ባለው ነደባ (የመቀመጫ መደብ) ላይ ይቀመጣሉ፣ ባለተራው ታች ወለሉ ላይ ይቆማል፣ ከኋላ ያለውም ሰው እጁን ያያል። ሜዳ ላይ ስትጫወቱ ተመሳሳዩን ለማግኘት ፊት ያሉት ምንጣፍ ላይ፣ ኋላ ያሉት ወንበር ላይ ይሁኑ። መብራቱ ከባለተራው ፊት ይምጣ፤ ከኋላው ከሆነ ጥላውን ብቻ ነው የምታዩት፣ የጣት ቁጥር ይጠፋል።

ከ6 እስከ 12 ሰው ይበቃል፣ በሁለት ቡድን። ከ12 ሲበልጥ ግማሹ ሰው ወደ ስልኩ ይመለሳል። ለ8 ሰው 40 ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ተራ ይደርሰዋል፣ አንዱ ተራ 90 ሰከንድ ቢወስድ ሁሉም በአንድ ሰዓት ያልቃል። ወረቀቶቹን እያንዳንዱ ቡድን ለሌላው ይጽፋል። እጥፍ አድርጋችሁ ሙዳይ ውስጥ ጨምሩ፤ ክዳን ስላለው ልጆች አያዩትም። ሰዓቱን በስልክ ያዙ፣ ድምፁን ግን ከፍ አድርጉት፤ ካልሆነ «ገና አላለቀም» የሚል ክርክር ይነሣል።

በመጀመሪያ ባለተራው የነገሩን ዓይነት ያሳያል። እኔ የምመርጣቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ለምግብ ጉርሻ መጉረስ፣ ለሥራ እጅጌ መሰብሰብ፣ ለቦታ መሬት መጠቆም፣ ለእንስሳ ሁለት ጣት ጭንቅላት ላይ ማቆም፣ ለዕቃ በሁለት እጅ ሳጥን መሥራት፣ ለተረትና ምሳሌ ጢም ማሻሸት። ቀጥሎ የቃላቱን ብዛት በጣት ያሳያል፣ ከዚያ ስንተኛውን ቃል እየሠራ እንደሆነ። የፊደሉን ብዛት ለማሳየት ጣቶቹን ክንዱ ላይ ያሳርፋል፤ ሦስት ጣት ክንድ ላይ ማለት ቃሉ ሦስት ፊደል ነው ማለት ነው። ፊደል በአየር ላይ መጻፍ ግን ከመጀመሪያው ይከልከል። ከተፈቀደ ጨዋታው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የጽሕፈት ፈተና ይሆናል።

ለአማርኛ ብቻ የሚያስፈልጉና ከውጭ በተቀዳው ደንብ ውስጥ የማይገኙ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንደኛው የቅጥያ ነው። የእኛ ቃል ብቻውን አይሄድም፤ ከፊቱ «ከ»፣ «በ»፣ «የ»፣ «ለ» ይሸከማል፣ ከኋላው «ው»፣ «ዋ»፣ «ችን» ይጎትታል። ባለተራው ግንባሩን ከነካ «ከፊቱ ፊደል አለ»፣ ማጅራቱን ከነካ «ከኋላው ፊደል አለ» ማለት ነው። ይህ ባይኖር ገማቹ «ጅብ» ብሎ በትክክል ተናግሮ ባለተራው «ከጅብ» እስኪባል እጁን ሲያወናጭፍ ሰዓቱ ያልቃል።

ሁለተኛው የማጥበቅና የማላላት ነው፣ እሱን ከሁሉ አስበልጣለሁ። ፊደላችን ጥብቁንና ላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ባለተራው የሚያስመስለው ግን ድምፁን ነው። ጡጫ መጨበጥ «ይጠብቃል»፣ መዳፍ ከፍቶ ማወዛወዝ «ይላላል» ይሁን። ሥራውን ለማየት ወረቀቱ ላይ «ዋና ከተማ» ተጽፏል እንበል። «ዋና» የሚለውን፣ ዋነኛ የሆነውን፣ በእጅ ማሳየት ጭንቅ ነው። ባለተራው ይዋኛል፤ ቡድኑ «ዋና!» ይላል፣ በላላ ድምፅ። ጡጫውን ይጨብጣል። አንዱ ደገመና አጥብቆ «ዋና» ሲል ሌላው «ከተማ» ብሎ ይጨርሰዋል። «ገና ነው» የሚል ቢወጣ ደግሞ ገና እንደሚመታ ሰው ዱላ ያነሣል፣ ሩሩን ይመታል፣ ቡድኑ የበዓሉን ስም በጥብቁ ሲጠራ መዳፉን ከፍቶ ያወዛውዛል። «ሰፊ» ላይ መርፌና ክር ይዞ ይሰፋል፣ ከዚያ ጡጫ፤ ልብስ ሰፊው ቀርቶ ሰፊው ሜዳ መጣ። «ሽፍታ» ላይ ጫካ ገብቶ ጠመንጃ ያነጣጥራል፣ ጡጫ ሲጨብጥ ቆዳ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ይሆናል። አንዴ የለመዳችሁ ቡድን ይህን ምልክት ከቀማችሁት ይቆጣል።

«ይመስላል» የሚለው የድምፅ ምልክትም አለ፣ ጆሮ መንካት፦ «ቃሉ አሁን ከማሳያችሁ ጋር ቤት ይመታል»። አንዳንዶች በሁለት መዳፍ የቤት ጣሪያ ሠርተው ማሳየት ይወዳሉ፤ አልመክረውም፣ ሰው እውነተኛ «ቤት» መስሎት ጎጆ፣ መስጊድ፣ ቤተክርስቲያን ሲል ይውላል። ቤት የሚመታው ቃል ቢያንስ የመጨረሻው ፊደል ከነድምፁ መግጠም አለበት። የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ከሆነ ብቻውን አይበቃም፣ ከሱ በፊት ያለውም ድምፅ ይግጠም። ወርቅን በጨርቅ፣ ሰውን በጨው፣ ልብን በንብ፣ አንጀትን በአንገት ማምጣት ይቻላል። «እውነት»ን በ«እሳት» ለማምጣት የሚሞክር ግን ይደክማል፤ የገጠመው ት ብቻ ነው፣ በት የሚያልቅ ስም ደግሞ አማርኛ ውስጥ አያልቅም።

አንዳንድ ፊደል ብቻውን ቃል መሆኑ ትልቅ ሀብት ነው። «ና» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መዳፍ ወደ ታች አድርጎ ጣት መሳብ። መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ በአንድ ጣት መጥራት ለታላቅ ሰው ነውር ስለሚመስል አትጠቀሙበት። ቡና፣ ጤና፣ ጀበና፣ ብራና፣ ጣና ሁሉም በ«ና» ያልቃሉ። «ያ» ደግሞ ራቅ አድርጎ መጠቆም ነው፤ አህያና ገበያ በእሱ ይያዛሉ።

አሁን አንድ ተረት እንከተል። ሐረር ውስጥ ጅብን ለማሳየት ማንም አይንበረከክም፣ አይጮኽም፤ ባለተራው ጣቱን እንደ እንጨት በጥርሱ ነክሶ አንገቱን ያሰግጋል፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ ማታ ሥጋ በእንጨት ጫፍ እንደሚያበላው ሰው። ከሁለት ሰከንድ በኋላ «ጅብ» ይባላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ምክንያቱም የጅብ ተረት ብዙ ነው። ቁጥሩ የሚያድነው እዚህ ላይ ነው። ባለተራው ሰባት ቃል ካለና ጅቡ አንደኛ ከሆነ፣ ያው የማስመሰል ተረት ነው፦ «ጅብ የማያውቁት ሀገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ»። አራት ቃል ካለና ጅቡ አንደኛ ከሆነ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። አራት ቃል ሆኖ ጅቡ ሦስተኛ ከሆነና ግንባሩንም ከነካ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም»። «ባል»ንና «አያስጥልም»ን ማንም ሳይሠራቸው አለቀ። ስለዚህ ተረት የደረሰው ባለተራ ከፊት ወደ ኋላ ቃል በቃል አይሂድ፤ ዓይን የሚይዘውን ስም መጀመሪያ ያሳይ፣ ተራ ቁጥሩን በትክክል ያስይዝ፣ ግሡን ለመጨረሻ ይተው። ተረት በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ቆጠራው ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ይሁን፣ መልሱ ግን የትኛውም አባባል ተቀባይነት ይኑረው።

ወረቀት ስትጽፉ በብዛት የሚበላሸው ግሥ ነው። «አልመጣችልኝም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፣ ለባለተራው ግን አምስት ነገር ነው፤ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ምን፣ አሉታ። ነጠላ ግሥ ከፈለጋችሁ «መዋኘት»፣ «መስፋት» ብላችሁ ጻፉ። ተስፋ፣ ትዕግሥት፣ ዕድል የመሳሰሉትን ልምድ ለሌለው ቡድን አታድርጉ። የከተማ ስም ግን ያለ ፍርሃት ጻፉ፦ ድሬዳዋን ሰው በወረቀት እያራገበ ያሳያታል፣ ሐረርን አምስት ጣት አንሥቶ በር በመክፈት፣ ጥንታዊዎቹ አምስት በሮች ስላሏት።

የድምፅ ክልከላውን ስትናገሩ አንድ ነገር አትርሱ። እኛ «አዎ» የምንለው ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ነው፣ ሰውም ድምፅ መሆኑን አይቆጥረውም። ባለተራው ሳያውቀው ያደርገዋል፣ ተቃራኒው ቡድን ይጮኻል። ወይ ለሁለቱም ፍቀዱ፣ ወይ ለሁለቱም ከልክሉ፤ ለኔ መፍቀዱ ይሻላል፣ መከልከሉ ከአቅም በላይ ነው። ቅንድብ ማንሣት ግን ድምፅ የለውምና ምንም አይነካውም።

ቋንቋውም ይወሰን። ድሬዳዋ ላይ አንድ ምንጣፍ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ ይሰማል፤ እንቆቅልሽ ራሱ በኦሮምኛ ሂቦ፣ በሶማሊኛ ሃልሒራሌ የሚባል የሁሉም ጨዋታ ነው። ዕቃ፣ እንስሳ፣ ምግብና ሥራ በየትኛውም ቋንቋ ቢመለስ ይያዝ። የፊደል ቆጠራ ወይም የማጥበቅ ምልክት የተሰጠበት ቃል ግን በአማርኛው መመለስ አለበት፣ ምልክቱ የተሰጠው ለእሱ ነውና። ይህን የሚፈርድ አንድ ዳኛ አስቀምጡ። ለዳኝነት ከሁሉም የሚሻሉት ታላላቆች ናቸው፤ እትዬን «ይነሡና እንደ ፍየል ይዝለሉ» ከማለት «እርስዎ ይፍረዱን» ማለት ይቀላል፣ ተረቱንም ከኛ በላይ ያውቁታል።

መሸነፍን ባዶ አታድርጉት። የፈረንጁ ጨዋታ ነጥብ ቆጥሮ ይቀጥላል፤ እኛ ከዚህ የተሻለ አለን። እንቆቅልሽ ላይ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል፣ ሲያቅተው ደግሞ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ሰዓቱ ያለቀበት ቡድን ሀገር ይስጥ። «ሐረርን ሰጠን» ካሉ አሸናፊዎቹ ይቀበሏታል፦ «ሐረር ገብተን፣ በሸዋ በር አልፈን፣ ነደባ ላይ ተቀምጠን፣ ትኩስ ቡና ጠጥተን፣ እናንተን ከበሩ ውጭ ከጅቡ ጋር አሳደርናችሁ!» ከዚያ መልሱ ይነገራል። ስድቡ በሥራና በስንፍና ላይ ይሁን፤ ወደ ሰው መልክ፣ ዘር ወይም ሃይማኖት ከተሻገረ ዳኛው ሀገሯን ለተሸናፊዎቹ ይመልሱ። አንዴ የተሰጠች ሀገር በዚያ ምሽት ሁለተኛ አትሰጥም። መጨረሻ ላይ ብዙ ሀገር የያዘው ቡድን አሸናፊ ነው፤ እኩል ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይውጣና ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ሰው ያንኑ ቃል ጎን ለጎን ቆመው ለየቡድናቸው ይሥሩት። ቀድሞ ያገኘው ቡድን የቀረችውን ሀገር ይወስዳል።